ስለ ክብር ልብስና ስለ ጦር ክፍሎች ፉክክር

ልብስ ለሰው ልጅ ሦስት ጥቅም አለው። አንደኛው ብርድና ፀሐይን ይከላከልለታል፤ ሁለተኛው ኀፍረቱን ይሸፍንለታል፤ ሦስተኛው ማንነቱን ለሚያየው ሁሉ ይናገርለታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለድኻውም ለባለጸጋውም እኩል ናቸው፤ ከእነርሱ ጠብ አይነሣም። ቅንዓትና ፉክክር የሚወለደው ከሦስተኛው ነው። ልብስ አፍ ኖሮት ከተናገረ ዘንድ እውነት ሊናገር ይችላል፤ ሐሰትም ሊናገር ይችላልና። ከልብስም ሁሉ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ወታደር በበዓል ቀን የሚለብሰው የክብር ልብስ ነው። ቁልፉ፣ ማዕረጉ፣ ሜዳዩ፣ ኮፍያው እያንዳንዱ ቃል ነው። የለበሰው ሰው ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ ልብሱ «እኔ የዚህ ጦር ክፍል ነኝ፤ ይህን ሠርቻለሁ፤ ይህንንም ለመሥራት ምያለሁ» ይላል።

በዚህ ጽሕፈት ስለዚሁ ልብስና ከእርሱ ጋራ አብሮ ስለሚመጣው ስለ ጦር ክፍሎች ፉክክር ትችት ላቀርብ አስቤአለሁ። መተቸት ማንቋሸሽ ማለት አይደለም። እህል የምታበጥር ሴት ስንዴውን ጠልታ ሰፌዱን አታነሣም፤ ገለባውን ከፍሬው ልትለይ ነው እንጂ። እኔም ወታደር ሆኜ አላውቅም። ሰላ ድንጋይ ተወልጄ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ዕድሜዬን በመምህርነት የፈጸምሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ተማሪዎቼን «ስታድጉ ምን ትሆናላችሁ?» ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር፣ አውሮፕላን ነጂ እሆናለሁ የሚለው ልጅ ምክንያቱን ሲነግረኝ ስለ አውሮፕላኑ ሳይሆን ስለ ኮፍያው ሲያወራልኝ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ልብሱን ከሥራው አስቀድሞ የወደደ ልጅ በኋላ ሁለቱን እንዳያምታታ ቢነገረው መልካም ነው።

የአባቶቻችን ሠራዊት እንደ ዛሬው ሁሉም አንድ ዐይነት አይለብስም ነበር። ቢሆንም ምልክት አልነበረውም ማለት አይደለም። ጎፈሩ፣ ለምዱ፣ ካባው፣ በብር የተለበጠው ጋሻ፣ እያንዳንዱ የሚናገረው ነገር ነበረው። ሹመቱም ራሱ የሰልፍ ቦታን የሚያሳይ ነበር፤ ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ ይሰለፋሉ። የእኛ አገር ሰው ይህን ትርኢት በቅርብ ያውቀው ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው አገር ሲያስተዳድሩ፣ ንጉሡ በመስቀል በዓል በደብረ ብርሃን ሜዳ ሠራዊታቸውን ያሰልፉ ነበር። ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ሻምበል ሐሪስ ይህን ሰልፍ አይቶ በመጽሐፉ ጽፎታል።

በዚያ ዘመን ፉክክሩም ሥርዐት ነበረው። የመጀመሪያው ሥርዐት ፉከራ ነው። የዛሬ ወጣት ፉከራን ባዶ ጉራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አይደለም። የሚፎክረው ሰው የሠራውን ሥራ በጌታው ፊት ይቈጥራል፤ አብረውት የዘመቱት ሰዎችም በዚያው አዳራሽ ተቀምጠው ይሰሙታል። ያልሠራውን ቢጨምር የሚታዘበው ሰው አጠገቡ ነው። ስለዚህ ፉከራ በምስክር ፊት የሚቀርብ ሒሳብ ነበር ለማለት ይቻላል። ሁለተኛው ጉግስ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ጦር በመወርወር ፈንታ ዘንግ እየወረወሩ፣ በጋሻ እየመከቱ ይጫወታሉ። ዘንጉ ያገኘው ሰው ይሳቅበታል እንጂ አይሞትም። ጨዋታው ሲያበቃም ሁሉም ከአንድ ግብር ይበላል።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ሁሉ ማወደስ የሽማግሌ በሽታ ነውና እኔም እንዳይዘኝ እጠነቀቃለሁ። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ራስ ልዑል ሰገድ ከአንኮበር ብዙ በማይርቀው በቶራ መስክ ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋራ ተዋግተው ሞቱ። ጥቂት ቀን ቈይቶ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሸዋ ድል አደረገ። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የተደረገውን የድል ሰልፍ፣ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ሕፃን የነበረው የእንግሊዝ ሚኒስትር ልጅ ዊልፍሬድ ቴሲጀር አየው። ካደገም በኋላ ጎፈሩና ካባው፣ ጋሻውና ፈረሱ ከልቡ እንዳልጠፋ ጽፏል። ሰልፉ ያማረ እንደ ነበረ አያጠራጥርም፤ የተሸነፈው ግን ወንድም ነበር። ቴሲጀር እንግዳ ሕፃን ነበርና ጌጡን ብቻ ቢያይ አይፈረድበትም። እኛ ግን ከጎፈሩ በስተኋላ የወሎንና የሸዋን እናቶች ለቅሶ ልናስብ ይገባናል።

ዘመናዊው ሠራዊት ሲቋቋም ፉክክሩ መልኩን ለወጠ። ክቡር ዘበኛን በ1922 ዓ.ም. የመጡ የቤልጅግ መኮንኖች አሠለጠኑት። በ1927 ዓ.ም. የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች እጅ ሥራውን ጀመረ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ምድር ጦሩን መጀመሪያ እንግሊዞች፣ በኋላም አሜሪካኖች አሠለጠኑት፤ ክቡር ዘበኛንና አየር ኃይልን ስዊድኖች፣ ባሕር ኃይልን ኖርዌጆች፣ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውን የሐረር ጦር አካዳሚ ሕንዶች አስተማሩ። የአንድ አባት ልጆች በአምስት ሞግዚቶች እጅ ያደጉ ያህል ነው። እያንዳንዱ ክፍል የመምህሩን አረማመድና አለባበስ እየወሰደ፣ የምድር ጦሩ ካኪ፣ የባሕር ኃይሉ ነጭ፣ የሌላውም እንዲሁ የየራሱ ሆነ። ይህ ብቻውን ክፉ አይደለም። የሥራው ዐይነት ሲለያይ ልብሱ ቢለያይ የተገባ ነው፤ በልብሱ የሚኮራ ወታደርም ሥራውን የሚያከብር ወታደር ሊሆን ይችላል።

ስሕተቱ የነበረው በሌላ ቦታ ነው። ክቡር ዘበኛ የሚለውን ስም እስቲ እንመልከት። አንዱን ዘበኛ ክቡር ያለ መንግሥት፣ በዝናብና በፀሐይ ጠረፍ የሚጠብቀውን ሌላውን ዘበኛ ምን ብሎ ሊጠራው ነው? ክብር የሚገኘው በሥራ ከሆነ ስሙ ከሥራው በኋላ መምጣት ነበረበት። ስሙ አስቀድሞ ከተሰጠ ግን የተሰጠው ለቅርበት ነው። ዘበኛው ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነውና ደመወዙም ኑሮውም ከምድር ጦሩ ይሻል ነበር፤ በበዓል ቀን ሠረገላውን ከብቦ የሚታየውም የእርሱ ፈረሰኛ ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባን በጎበኙ ጊዜ ያጀባቸው እርሱ ነው። ያዕቆብ ከልጆቹ መካከል ለዮሴፍ ብቻ ያማረ ልብስ በሰፋለት ጊዜ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዮሴፍ አልበደለም፤ ልብሱም አልበደለም። የበደለው በልጆቹ መካከል ያዳላው የአባት ፍቅር ነው። ወንድሞቹም ልብሱን ገፍፈው በደም ነከሩት። ቅርበት ክብር ሲሆን ውጤቱ ይህ እንደ ሆነ ከክቡር ዘበኛ በፊትም የታየ ነገር ነበር። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪ የተባለው የቤተ መንግሥት ሠራዊት በአንድነት ተነሥቶ ሚኒስትሮቹን አሽሯል።

ክቡር ዘበኛ ሥራ አልሠራም ብዬ ግን አላማውም። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የተነሣው የቃኘው ሻለቃ ከእርሱ የተውጣጣ ነበር። ተራ በተራ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቆች 121 ሰዎች ወድቀዋል፤ ከመካከላቸው አንድ እንኳ ተማራኪ አልተገኘም። ይህ ክብር በደም የተገዛ ነው፤ ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም። ዳሩ ግን ይህንኑ ክብር የማግኘት ዕድል ለአንድ ክፍል ብቻ ሲሰጥ፣ ዕድሉን ያላገኘው ክፍል «እኔስ ብላክ አልሞትም ነበርን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልስ ባጣ ጊዜም ወደ ቂም ይለወጣል።

አሁን ወደ 1953 ዓ.ም. እንሂድ። ዓመቱ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ከጃቶ የተወለደው የክቡር ዘበኛ ወታደር አበበ ቢቂላ በሮማ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በእግሩ ጫማ፣ በራሱ ኮፍያ፣ በትከሻው ማዕረግ አልነበረም። በዚያች ሌሊት ስለ እርሱ የተናገረለት ልብሱ ሳይሆን ባዶ እግሩ ነው። የምድር ጦሩም፣ አየር ኃይሉም፣ ገበሬውም ተማሪውም «የእኛ ነው» አሉ እንጂ «የክቡር ዘበኛ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞረ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ብቻ አለፈ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ሌሊት የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በውጭ አገር ሳሉ፣ መንግሥቱን ያዙ። ምድር ጦሩ በሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻና በሜጀር ጄኔራል ከበደ ገብሬ መሪነት አልቀበልም አለ፤ አየር ኃይሉም ከምድር ጦሩ ጋራ ሆነ። ታኅሣሥ 6 ቀን በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ፣ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የማሉ ሁለት ሠራዊቶች ተታኰሱ። በመጨረሻም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከነበሩት ታላላቅ ሰዎች 15ቱ ተገደሉ። ከእነርሱ አንዱ በሸዋ በረሓ አምስቱን ዓመት ጠላትን የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። ሌላው ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ናቸው፤ እኒህ ሰው ክቡር ዘበኛን ለብዙ ዓመታት ያዘዙና ያሳደጉ ነበሩ። ባሳደጉት ሠራዊት አመፅ ሞቱ። ጄኔራል መንግሥቱም መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ። ያ ቤተ መንግሥት ኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ ዛሬ በስድስት ኪሎ ተማሪዎች ይመላለሱበታል፤ ስንቶቹ ይህን ያስቡ ይሆን?

የመንግሥቱ ንዋይ ሐሳብ ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት የሚለው ክርክር ሌላ ጽሕፈት የሚፈልግ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ተራው ወታደር ነው። በሰላ ድንጋይ የማውቃቸው ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም፤ ስማቸውንም አልጠራም። አንደኛው የክቡር ዘበኛ፣ ሁለተኛው የምድር ጦር ወታደር የነበሩ ናቸው። በአንድ ዕድር ውስጥ ነበሩ፤ በበዓል ቀን ጠላ ሲጠጡ ይተራረቡ ነበር። ያኛው «እናንተ የአቧራ ወታደሮች» ሲል፣ ይኸኛው «እናንተ የምንጣፍ ወታደሮች» ብሎ ይመልሳል፤ ሰውም ይስቃል። ስለዚያ ታኅሣሥ ግን አይቀልዱም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ስጠይቃቸው የምድር ጦሩ ሽማግሌ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ እኛ ያየነው ምልክቱን ነው፤ ፊቱን አላየንም። እነርሱ ሲቈስሉ የሚጠሩት እመቤቴን ነበር፤ እኛም ስንቈስል የምንጠራው እመቤቴን።» ሌላው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና፣ «እኛ ደግሞ ንጉሡን ልንጠብቅ የወጣን መስሎን ነበር» አሉ። ከዚህ በላይ አልጨመሩም።

ከዚህ የሽማግሌዎቹ ቃል የተረዳሁት ይህን ነው። ልብስ ሰውን ከሰው ለመለየት ብቻ ሲያገለግልና አንድ ለማድረግ ሳያገለግል ሲቀር፣ ፊትን ይሸፍናል። ፊቱ ያልታየ ወንድም ደግሞ ለመተኰስ ቀላል ነው።

«እንግዲያስ የክብር ልብስን ሁሉ አስወግደን ሠራዊቱን አንድ ዐይነት ብናለብሰው አይሻልምን?» የሚል ሰው ይኖራል። ይህም ተሞክሯል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጌጥ ብዙው ተጣለ፤ ክቡር ዘበኛ የሚለው ስምም ቀረ። ነገር ግን ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የምድር ጦርና የአየር ኃይል ጄኔራሎች በመንግሥቱ ላይ ተነሡ፤ ሙከራው ከሸፈና ብዙዎቹ የተማሩ የጦር አዛዦች ጠፉ። ልብስን አንድ ማድረግ ልብን አንድ አያደርግም። በሽታው ከልብሱ ቢሆን ኖሮ በልብስ መለወጥ በዳነ ነበር።

ሌላም ነገር መታሰብ አለበት። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበሩት ወታደሮች የተነሡት ስለ ጌጥ አልነበረም። የሚጠጡት ውሃ ተበላሽቶባቸው ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም ስላሏቸው ነው። ሊያነጋግራቸው የመጣውንም ጄኔራል ይዘው የእነርሱን ምግብ አበሉት። የመኮንኑ ልብስ ተተኵሶ፣ ቁልፉ አብርቶ ሳለ ወታደሩ ውሃ ካጣ፣ ያ ልብስ ሐሰት ይናገራል ማለት ነው። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ ፉክክርን ሁሉ እንጣለውን? አይገባም። መልካሙን ፉክክር ከክፉው የምንለይባቸው ሦስት ጥያቄዎች ያሉ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ዳኛው ማን ነው? የሚል ነው። በፉከራ ዳኛው አብሮ የዘመተ ምስክር ነው። በሩጫ ዳኛው ሰዓት ነው። ሰዓት ለቤተ መንግሥት ቅርብ የሆነውንና ሩቅ የሆነውን አይለይም። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ከክቡር ዘበኛ ወጡ፤ ምሩፅ ይፍጠር ከአየር ኃይል ወጥቶ በ1980 እ.ኤ.አ. በሞስኮ የ5,000ና የ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣ። የጦር ክፍሎቹ በሩጫ ሜዳ ተፎካከሩ፤ ትርፉን ያገኘችው አገሪቱ ሆነች። በ1953ቱ ፉክክር ግን ዳኛው ጥይት ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሽልማቱ ከማን እጅ ይወጣል? የሚል ነው። የአንዱ ክብር ከሌላው ተቀንሶ የሚሰጥ ከሆነ ፉክክሩ ዘረፋ ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ምድር ጦርና ባሕር ኃይል እርስ በርሳቸው ከመቀናናታቸውና ካለመተማመናቸው የተነሣ፣ ምድር ጦሩ በደሴት ላሉ ወታደሮቹ ስንቅ ለማድረስ የራሱን ሰርጓጅ መርከብ እስከ መሥራት ደረሰ። ብረት ባነሳት አገር ሁለት ወንድሞች እየተነጣጠቁ ሁለቱም ተሸነፉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ ቢያውቁት በጠቀማቸው ነበር። ክብርም እንደ ሎሚው ነው፤ አንዱ ክፍል ሁሉን ልሸከም ካለ ይከብደዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ በማግሥቱ ምን ይሆናል? የሚል ነው። በአሜሪካ የምድር ጦርና የባሕር ኃይል እጩ መኮንኖች ትምህርት ቤቶች ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካኖች ዐይነት ኳስ ይጋጠማሉ። ከጨዋታው በፊት ሁለቱም ወገኖች የክብር ልብሳቸውን ለብሰው በሰልፍ ወደ ሜዳው ይገባሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጠቡ እጅግ ስለ ከረረ ከ1894 እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ግጥሚያው ቀርቶ ነበር። በ1899 እ.ኤ.አ. ሲመለስ ከሁለቱም ሜዳ ርቆ በፊላደልፊያ ከተማ ተደረገ። ዛሬ ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ያማረ ልማድ አላቸው። ሁለቱ ቡድኖች አብረው መጀመሪያ በተሸነፈው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ፊት ይቆሙና የተሸነፈው መዝሙር ይዘመራል፤ ቀጥሎም ወደ አሸናፊው ሄደው የአሸናፊው ይዘመራል። አሸናፊው በተሸነፈው ፊት ኮፍያውን አውልቆ የመቆም ግዴታ አለበት። በማግሥቱ ሁለቱም የአንድ አገር መኮንኖች ናቸው።

ይህን ለመማር ግን ወደ አሜሪካ መሄድ አያሻንም። የጦር ክፍሎቻችንም ለኳስ ቡድኖቻቸው ያወጡት ስም ራሱ ትምህርት ነው። የአየር ኃይሉ ቡድን ንብ፣ የፖሊሱ ኦሜድላ፣ የምድር ጦሩ መቻል ይባላል። ንብ በማር የምትታወቅ፣ ብትነካም የምትናደፍ ናት። ኦሜድላ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ሰንደቅ ዓላማችን የተሰቀለባት የጠረፍ ቦታ ናት። ከሁሉ ይልቅ ግን እኔን ደስ የሚያሰኘኝ መቻል የሚለው ነው። ይህ የቋንቋችን ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ ኃይል ማግኘትንም፣ መታገሥንም። ማሸነፍን የሚችል ብዙ ነው፤ መሸነፍን የሚችል ግን ጥቂት ነው። ከሁሉም ይበልጥ ጥቂቱ አሸንፎ ዝም ማለትን የሚችል ነው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪዎች በቀይና በሰማያዊ ምልክት ተከፍለን በስፖርት ስንወዳደር፣ ያሸነፈው ወገን በዚያ ቀን ለተሸነፈው ምሳ ያቀርብ ነበር። ልጆች ሳለን ቅጣት ይመስለን ነበር፤ ካደግን በኋላ ግን ከሽልማቱ ሁሉ የሚበልጠው እርሱ እንደ ነበረ አስተዋልን። ወንድሙን ሳህን ይዞ ያስተናገደ ሰው በማግሥቱ ሊጠላው አይቻለውም።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን የጻፍሁት ለወታደር ብቻ አይደለም። እናንተም የተማሪ ልብስ፣ የሥራ ልብስ፣ የምረቃ ካባ ትለብሳላችሁ። ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት፣ ሰፈር ከሰፈር፣ መሥሪያ ቤት ከመሥሪያ ቤት ይፎካከራል። ዛሬ ደግሞ ስድቡ ከአፍ ወደ ስልክ ገብቶ፣ ፊት ለፊት ቢገናኙ የማይናገሩትን ቃል ሰዎች ስማቸውን ሸሽገው ይጽፋሉ። ይህም ምልክትን ብቻ አይቶ መተኰስ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ ዳኛው ማን ነው? ሽልማቱ ከማን ይወሰዳል? በማግሥቱ ከዚህ ሰው ጋራ እንዴት እንኖራለን?

ወደ ጦር ሠራዊት የምትገቡም ትኖራላችሁ። የክብሩን ልብስ በምትለብሱበት ቀን ደስ ይበላችሁ፤ እናታችሁም ፎቶግራፋችሁን በግድግዳ ትስቀል። ነገር ግን ልብሱ ዕዳ መሆኑን አትርሱ። ባለጠጋ ቁልፎቹን ሲያይ ሀብቱን ያስባል፤ ወታደር ግን ቁልፎቹን ሲያይ መሐላውን ሊያስብ ይገባዋል። የሌላውን ክፍል ልብስ ስታዩም ቀልዱ፣ ተራረቡ፣ በኳስም በሩጫም አሸንፏቸው። ከኮፍያው ሥር ያለውን ፊት ግን ሁልጊዜ አይታችሁ ዕወቁት፤ የእናንተ ፊት ነውና።